የትርፍ ጊዜ መሐንዲሶችና የማሽኑ ምሥጢር

ሰው ከሚጠቀምበት መሣሪያ ጋር ያለው ግንኙነት ምን ዓይነት ነው? ይህ ጥያቄ በፋብሪካ አጥር ውስጥ ብቻ የሚነሣ አይደለም። ወዛደሩ የዕለት ሥራውን ፈጽሞ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ራዲዮውን ሲከፍት፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ሲቀመጥ፣ ዛሬ ደግሞ የእጅ ስልኩን ሲነካካ ጥያቄው አብሮት ቤት ይገባል። መሣሪያውን በላቡ ዋጋ ይገዛዋል፤ በታዘዘው መንገድ ይጠቀምበታል፤ ሲበላሽ ይጥለዋል። በሆዱ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አያውቅም፤ ብዙውን ጊዜም እንዲያውቅ አይፈለግም። ባለቤት ነኝ ቢልም ባለቤትነቱ ከቅርፊቱ አያልፍም።

በየሰፈሩ ይህን ሁኔታ እንዳለ የማይቀበል አንድ ሰው አይታጣም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላና እሑድ የቤቱን ጠረጴዛ በሽቦ ቁርጥራጭ፣ በመበየጃ ብረትና በተፈታታ ራዲዮ ይሞላዋል። ቤተሰቡ የምግብ ጠረጴዛው ተወሰደብን ብሎ ያጉረመርማል። ጎረቤት "ሥራ የፈታ" ይለዋል። የሠራው ነገር የሰመረለት ዕለት ደግሞ ያው ጎረቤት "ለዚህ ሰው የተለየ አእምሮ ነው የተሰጠው" ብሎ ያደንቀዋል። እኛ ሁለቱንም አነጋገሮች አንቀበላቸውም። የመጀመሪያው የሰውን የመፍጠር ፍላጎት ከልጆች ጨዋታ ይቆጥረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከብዙ ሰዎች ድካም የተገኘውን ውጤት ለአንድ ግለሰብ አሸክሞ ሌሎቹን ይረሳል። ይህን የምንልበትን ምክንያት በአንድ ተጨባጭ ታሪክ ማስረዳት ይሻላል።

ታሪኩ የተፈጸመው በዩጎዝላቪያ ነው። ዘመኑም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር 1983 እና 1984፣ እንደ እኛ አቆጣጠር የ1975 ማለቂያና 1976 ዓ.ም. ነው። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዩጎዝላቪያ የምትባለው አገር ከ1991 ጀምሮ ተበታትና ዛሬ በካርታ ላይ የለችም። በዚያን ጊዜ ግን ስድስት ሪፐብሊኮችን ያቀፈች፣ ከ22 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት ሶሻሊስት አገር ነበረች፤ ኢትዮጵያም የተካፈለችበት የመጀመሪያው የገለልተኛ አገሮች ጉባኤ በ1961 የተካሄደው በዋና ከተማዋ በቤልግሬድ እንደነበር አንባብያን ያስታውሱ ይሆናል። ይህች አገር በሰባዎቹ ዓመታት የተበደረችው ገንዘብ የመክፈያ ጊዜው በሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ ደርሶባት የውጭ ምንዛሪ ክፉኛ አጥሯት ነበር። ምንዛሪውን ለመቆጠብ ከተወሰዱት እርምጃዎች አንዱ፣ ግለሰቦች ዋጋው ከ50 የጀርመን ማርክ የሚበልጥ ዕቃ ከውጭ እንዳያስገቡ የሚከለክለው ደንብ ነው።

በዚያው ወቅት በእንግሊዝና በአሜሪካ በቤት ውስጥ የሚቀመጡ አነስተኛ ኮምፒዩተሮች ገበያውን ማጥለቅለቅ ጀምረው ነበር። ዋጋቸው ግን ከ50 ማርክ በላይ ነው። እንግዲህ የዩጎዝላቪያ ወጣት ኮምፒዩተር ቢፈልግ ምን ያደርጋል? የአገሩ ፋብሪካዎች ቴሌቪዥንና ራዲዮ ያመርታሉ፤ ተራው ቤተሰብ በአቅሙ የሚገዛው ኮምፒዩተር ግን በሱቅ ውስጥ እንደ ልብ አይገኝም። የቀረው መንገድ ድንበር ተሻግሮ ገዝቶ በሻንጣ ውስጥ ደብቆ ማስገባት ነበር፤ ብዙዎችም ይህንኑ አደረጉ። ምንዛሪን ለመጠበቅ የወጣው ደንብ ኮንትሮባንዲስትን ፈጠረ ማለት ነው። ቅራኔው ግልጽ ነው። ልናወራለት የፈለግነው ሰው ግን ከሱቅም ከኮንትሮባንድም ውጭ የሆነ ሦስተኛ መንገድ አገኘ።

ስሙ ቮያ አንቶኒች ይባላል። በ1952 በሰርቢያ የተወለደ የኤሌክትሮኒክስ ሠራተኛ ሲሆን፣ ከዚህ ቀደም ብሎ ለበረዶ ሸርተቴ ውድድር የሚያገለግል የሰዓት መቆጣጠሪያ መሣሪያ በራሱ ንድፍ ሠርቶ ነበር። በ1983 በሞንቴኔግሮ የባሕር ዳርቻ፣ ሪሳን በምትባል ከተማ ለዕረፍት ሳለ፣ ሌላው ሰው ሲዋኝ እርሱ የአንድ ፕሮሰሰር መመሪያ መጽሐፍ ያነብ ነበር። መጽሐፉ አር.ሲ.ኤ. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያሳተመው ነው። በዚያ መመሪያ ውስጥ ያገኘው አንድ ሐሳብ ሌላ ሐሳብ አመጣለት። እዚህ ላይ ነገሩ ጥቂት ማብራሪያ ይሻል፤ ዋናው ቁም ነገር ያለው በዝርዝሩ ውስጥ ስለሆነ አንባቢ በትዕግሥት እንዲከተለን እንጠይቃለን።

ኮምፒዩተር የሚያስበውን ለሰው የሚያሳየው በመስኮቱ ነው። በዚያን ጊዜ መስኮቱ የቤት ቴሌቪዥን ነበር። የቴሌቪዥን ሥዕል ደግሞ አንድ ጊዜ ተሥሎ የሚቀመጥ ነገር አይደለም፤ መስመር በመስመር፣ በየሰከንዱ 50 ጊዜ እንደ አዲስ መሣል አለበት። ይህን አድካሚ ሥራ የሚሠራ ለብቻው የተዘጋጀ ቺፕ አለ፤ ነገር ግን ውድ ነው፤ በዩጎዝላቪያም አይገኝም። ታዲያ አንቶኒች ያሰበው እንዲህ ነው፦ የኮምፒዩተሩ አንጎል የሆነው ፕሮሰሰር ራሱ ለምን ሥዕሉን አይሥልም?

የመረጠው ዜድ 80 የተባለውን ፕሮሰሰር ነው። ይህ ፕሮሰሰር አንድ ልዩ ጠባይ አለው። እያንዳንዱን ትእዛዝ ካነበበ በኋላ ለአፍታ ያህል ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ይኸውም በየጊዜው ካልታደሱ የያዙትን ለሚረሱ የማስታወሻ ቺፖች የማደሻ ምልክት መላክ ነው። አንቶኒች የተጠቀመባቸው ቺፖች ግን መታደስ የማያስፈልጋቸው ዓይነት ነበሩ። ስለዚህ ያቺ አፍታ በከንቱ ታልፋለች። ጭነት አራግፎ ባዶውን የሚመለስ የጭነት መኪና እናስብ። ብልህ የትራንስፖርት ኃላፊ ለመልሱ ጉዞ ጭነት ይፈልግለታል። አንቶኒችም ያደረገው ይህንኑ ነው፤ በዚያች ባዶ አፍታ ፕሮሰሰሩ በማስታወሻው ውስጥ ያሉትን ፊደላት አንድ በአንድ እየጠራ ወደ ቴሌቪዥኑ እንዲልክ አደረገው። ውዱ ቺፕ አላስፈለገም። ዋጋ አልተከፈለበትም ግን አንልም፤ ፕሮሰሰሩ የጊዜውን ሰፊ ክፍል ለሥዕል ስለሚያውል ሒሳብ ሲያሰላ ዘገምተኛ ነበር። በመስኮቱ ላይ የሚታየውም 16 መስመር ብቻ፣ በየመስመሩ 32 ፊደል፣ ያውም ያለ ቀለም ነበር።

ማሽኑ የሚሠራበት መመሪያና ቤዚክ የተባለው የትእዛዝ ቋንቋ በ4 ኪሎባይት ቋሚ ማስታወሻ ውስጥ ተጠቃለለ። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ ከዚህ በብዙ መቶ እጥፍ ይበልጣል። ቦታው እጅግ ጠባብ ስለነበረ ማሽኑ ስሕተት ሲገጥመው የሚሰጣቸው መልሶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ እነርሱም በእንግሊዝኛ "ምን?"፣ "እንዴት?" እና "ይቅርታ" የሚሉ ናቸው። የታዘዘው ነገር ካልገባው "ምን?" ይላል፤ ገብቶት ሊፈጽመው ካልቻለ "እንዴት?" ብሎ ይጠይቃል፤ ቦታ ሲጠበው "ይቅርታ" ይጠይቃል። አንዳንድ የቢሮ መስኮት በረጅም ደብዳቤ ከሚሰጠው መልስ ይህ የበለጠ ግልጽ ሳይሆን አይቀርም።

"የተለየ አእምሮ" የሚለው አነጋገር ስሕተትነቱ የሚገለጸውም እዚሁ ላይ ነው። የአንቶኒች ብልሃት የሚካድ አይደለም። ነገር ግን ያ ቤዚክ ከባዶ አልተፈጠረም። መነሻው ቲ.አር.ኤስ. 80 በተባለው የአሜሪካ ኮምፒዩተር ላይ ይሠራ የነበረው ነው፤ የዚያ መነሻ ደግሞ ሊ ቼን ዋንግ የተባለ ሰው በ1976 ጽፎ ማንም እንዲጠቀምበት በይፋ ያሳተመው አነስተኛ ቤዚክ ነው። ሐሳቡን የቀሰቀሰው መመሪያ መጽሐፍም የሌሎች መሐንዲሶች ሥራ ነው። ዕውቀት በትውልድና በድንበር መካከል እየተላለፈ የሚጠራቀም የጋራ ሀብት መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ሰውየው ያደረገው ከዚህ ክምችት ወስዶ፣ የራሱን ጨምሮ፣ ወደ ክምችቱ መመለስ ነው። መመለሱ ላይ ነው እንግዲህ ከብዙዎች የሚለየው።

ማሽኑን ሠርቶ በጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጠው ኖሮ ታሪኩ በዚያው ያበቃ ነበር። የየሰፈሩ የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ዕጣ ፈንታም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ብልሃቱ ከእርሱ ጋር ይኖራል፣ ከእርሱ ጋር ይቀበራል። አንቶኒች ግን ንድፉን ማንም ወስዶ እንዲሠራው ለሕዝብ ለመልቀቅ ወሰነ። በዚህ ላይ ዴያን ሪስታኖቪች የተባለ ስለ ኮምፒዩተር የሚጽፍ ወጣትና ዮቫ ሬጋሴክ የተባለ የመጽሔት አዘጋጅ ተገናኙት። ሬጋሴክ የሚሠራበት መጽሔት "ጋላክሲያ" ይባላል፤ ለሰፊው ሕዝብ ሳይንስን የሚያስተዋውቅ መጽሔት ነበር። ማሽኑም የመጽሔቱን ስም ወሰደ። በታኅሣሥ 1983 ለንባብ የበቃው "ኮምፒዩተሮች በቤትዎ" የተባለ ልዩ እትም የማሽኑን ሙሉ ንድፍ፣ የክፍሎቹን ዝርዝርና የአሠራሩን ቅደም ተከተል ይዞ ወጣ። በመጀመሪያ 30,000 ቅጂ ታተመ፤ አልበቃም፤ ደጋግሞ እየታተመ ወደ 100,000 ደረሰ።

የንድፉ አዘገጃጀት ራሱ አንድ ነገር ያስተምረናል። የመዳብ መስመር የታተመበት ሰሌዳ በሁለቱም ገጹ ቢሠራ ኖሮ ለመሐንዲሱ ይቀል ነበር፤ ግን በቤት ውስጥ ለመሥራት ያስቸግራል። ስለዚህ በአንድ ገጽ ብቻ እንዲሆን ተደረገ፤ መስመሮቹ መሻገር ባለባቸው ቦታዎች ሁሉ ሠሪው ቁራጭ ሽቦ በእጁ ይበይዳል። ንድፍ አውጪው ድካሙን ለራሱ አብዝቶ ለማያውቀው ሠሪ አቀለለለት። ብዙ ባለሙያ ከዚህ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ሥራውን ሌላው እንዳይገባበት አድርጎ ያወሳስብና ውስብስብነቱን ከሊቅነት ይቆጥረዋል።

ክፍሎቹን የማግኘቱ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ትግል ነበር። ሰሌዳውና የፊደል ቁልፎቹ በክሮኤሺያ ከምትገኘው ከቡዬ ከተማ፣ ቺፖቹ ከኦስትሪያዋ ከግራትስ ከተማ ይመጡ ነበር። ደንቡ የሚከለክለው ሙሉውን ኮምፒዩተር ነው፤ በጥቅል በጥቅል የሚመጣ ቺፕ ግን ከገደቡ በታች ሊሆን ይችላል። መመሪያው የሚጻፍበት ቺፕ በአንቶኒች በራሱ እጅ፣ አንድ በአንድ፣ ይሞላ ነበር። ሲጀመር አዘጋጆቹ ስንት ሰው ይሠራዋል ብለው ሲገምቱ ከጥቂት መቶዎች አላለፉም፤ 1,000 የሚለው ግምት እንኳ የእብደት ያህል ታይቶ ነበር። በመጨረሻ ክፍሎቹን ያዘዙት ሰዎች ከ8,000 በላይ ሆኑ። ከዚህም ሌላ ክፍሎቹን በየፊናቸው ፈልገው የሠሩ ነበሩ። ከጊዜ በኋላም ማሽኑ ለትምህርት ቤቶች በፋብሪካ ተመርቷል።

በውጭ አገር ትምህርት ላይ ሳለን በመበየጃ ብረት ጣታቸውን ያቃጠሉ ወዳጆች ስለነበሩን ስለዚህ ሥራ ጥቂት ማለት እንችላለን። አንድ ቺፕ ተገልብጦ ከተበየደ ማሽኑ አይነሣም። አንድ ጠብታ እርሳስ ሁለት መስመሮችን ካገናኘ አይነሣም። ሠሪው ስሕተቱን ለማግኘት የመስመሮቹን ጉዞ ከንድፉ ጋር እያስተያየ ሌሊቱን ያነጋል፤ ሲያገኘው ደግሞ ማሽኑን ከገዛው ሰው ይልቅ ያውቀዋል። ጋላክሲያን ሠርቶ የጨረሰ ሰው ኮምፒዩተር ብቻ አልነበረም ያገኘው።

አሁን ደግሞ ወደ ራዲዮኑ እንለፍ። ማሽኑ ተሠራ፤ የሚሠራበት ፕሮግራም ግን ከየት ይምጣ? በዚያን ዘመን ፕሮግራም የሚቀመጠው በተራ የሙዚቃ ካሴት ላይ ነበር። በእኛም አገር በእነዚያው ዓመታት ካሴት ዘፈንን ከከተማ ወደ ገጠር፣ ከቤት ወደ ቤት እንዴት እንዳዳረሰ ያንን ዘመን የኖረ ሁሉ ያውቃል። በካሴት ላይ የተቀዳ ፕሮግራም ሲሰማ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው፤ ለኮምፒዩተሩ ግን ጽሑፍ ነው። ድምፅ ከሆነ ደግሞ በራዲዮ ሊተላለፍ ይችላል። ዞራን ሞድሊ የተባለው የራዲዮ ጋዜጠኛ በቤልግሬድ ራዲዮ "ቤልግሬድ 202" ጣቢያ ላይ "ቬንቲላቶር 202" የሚባል ዝግጅት ነበረው። በዚህ ዝግጅት ውስጥ ለአድማጮች "ካሴታችሁን አዘጋጁ" ይላል፤ ከዚያም ጩኸቱን ይለቀዋል። ነገሩን ያልሰማ አድማጭ ጣቢያው የተበላሸ ሳይመስለው አይቀርም። ያወቀው ግን ቀድቶ ወደ ማሽኑ ያስገባና ጨዋታ ወይም ጠቃሚ ፕሮግራም ያገኛል። አድማጮችም በተራቸው የጻፉትን ፕሮግራም በካሴት ይልኩ ነበር፤ ያም ተመልሶ በአየር ይተላለፋል። የሚያዳምጠው ሕዝብ የሚያስተላልፈውም ሕዝብ ሆነ። በቴሌፎን መስመር የሚገናኙ ኮምፒዩተሮች ለተራው ሰው ብርቅ በነበሩበት ጊዜ ይህ መፈጸሙን ልብ ይሏል።

ይህን ሁሉ ስናወሳ ታሪኩን ከመጠን በላይ ማስዋብ አንፈልግም። ከ22 ሚሊዮን ሕዝብ መካከል 8,000 ሰው ማለት ከባሕር በጭልፋ ነው። ጋላክሲያን ለመሥራት ቴሌቪዥን፣ የካሴት ማጫወቻ፣ ለክፍሎቹ የሚሆን ገንዘብ ያስፈልጋል፤ ከሁሉም በላይ ትርፍ ጊዜ ያስፈልጋል። ትርፍ ጊዜ ደግሞ ለሁሉም እኩል አልተደለደለም። ባል በጠረጴዛው ላይ ሰሌዳ ሲበይድ የዋለበት እሑድ፣ ለሚስት የልብስ አጠባና የምግብ ዝግጅት እሑድ የሆነበት ቤት ጥቂት አይደለም። ስለ ትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ሲጻፍ ትርፉ ጊዜ ከማን እንደተገኘ የሚጠይቅ ጸሐፊ ብዙም አይታይም።

ከዚህም ሌላ ዛሬ አንዳንዶች ይህን ታሪክ እየጠቀሱ "እጥረት የፈጠራ እናት ናት፤ ስለዚህ ይጠረ" ለማለት ይዳዳቸዋል። ይህ አደገኛ አስተሳሰብ ነው። ማሽኑን የሠራው ደንቡ አይደለም። ደንቡ የሠራው ኮንትሮባንድን ነው። እጥረቱ የዩጎዝላቪያን ሕዝብ በጠቅላላ ያጠቃ ሲሆን፣ ውጤት የተገኘው ግን የታተመ ንድፍ፣ የሚነበብ መጽሔት፣ የሚሰማ ራዲዮና ክፍሎችን የሚያቀርብ ድርጅት በተገናኙበት ቦታ ብቻ ነው። እጥረት ብቻውን ያለበት አገር ብዙ ነው፤ ኮምፒዩተር ግን አልወለደም። የማሽኑ ዕድሜም ረጅም አልነበረም። በሰማንያዎቹ አጋማሽ ስፔክትረምና ኮሞዶር 64 በየሻንጣው እየገቡ በዝተው፣ ቀለምም ድምፅም ስለነበራቸው፣ ጋላክሲያን ወደ ጎን ገፉት። ይህን መካድ ስሜታዊነት ይሆናል።

ታዲያ ነገሩ ዛሬ ለእኛ ምን ይፈይዳል? በእያንዳንዳችን ኪስ ያለው ስልክ ከጋላክሲያ በማይነጻጸር መጠን ኃይለኛ ነው፤ ነገር ግን በሙጫ የታሸገ ነው። ባትሪው እንዳይወጣ፣ ክፍሉ በሌላ እንዳይተካ ሆኖ የተሠራው ብዙ ነው። በየመንገዱ ዳር በትንሽ ጠረጴዛ ላይ ስልክ የሚጠግኑት ወጣቶቻችን ያለ ንድፍ፣ ያለ መመሪያ፣ በዓይናቸውና በጣታቸው ብቻ የሚታገሉት ከዚህ እሽግ ጋር ነው። የአውሮፓ ኅብረት እንኳ በ2024 አምራቾች የተወሰኑ ዕቃዎችን እንዲጠግኑ የሚያስገድድ መመሪያ እስከ ማውጣት ደርሷል። ጥያቄው የድሃ አገር ጥያቄ ብቻ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

የሠፈር ማኅበራት በዚህ ረገድ ሊያደርጉት የሚችሉት ነገር ትንሽም ቢሆን አለ። በማኅበሩ አዳራሽ ጥግ አንድ ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ሁለት የመበየጃ ብረትና የኤሌክትሪክ መለኪያ ቢቀመጥ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ክፍት ቢሆን፣ የሠፈሩ ጠጋኝ ለአንድ ሰዓት የሚያውቀውን ቢያሳይ፣ ሴቶች ልጆችም እንደ ወንዶቹ ብረቱን ቢይዙ ወጪው ከአንድ የድግስ ድንኳን ኪራይ የሚበልጥ አይመስለንም። ዋናው ግን ጠረጴዛው አይደለም፤ የተማረውን በወረቀት ሥሎ ግድግዳው ላይ የሚለጥፍ ሰው መኖሩ ነው። ያለ እርሱ አዳራሹ ሌላ የጥገና ሱቅ ይሆናል።

አንቶኒች በእጁ የቀሩትን ጋላክሲያዎች የሚፈልጋቸው ሙዚየም ይገኛል የሚለውን ተስፋ በመቁረጡ በ1995 ጥሏቸዋል። ንድፉ ግን ታትሞ በየቤቱ ስለነበረ ማሽኑ ከእነርሱ ጋር አልተጣለም፤ ያ ልዩ እትም ሲወጣ ያልተወለዱ ሰዎች ዛሬም ሰሌዳውን አሳትመው፣ አሮጌ ዜድ 80 ፈልገው፣ ቅዳሜና እሑድ ይበይዱታል። እርሱም ሥራውን አልተወም። በ2022 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ለተካሄደ የኤሌክትሮኒክስ አፍቃሪዎች ስብሰባ ተካፋዮች በአንገታቸው የሚያንጠለጥሉት አንድ ትንሽ ኮምፒዩተር ነደፈ። ከጋላክሲያ እንኳ ያነሰ አቅም ያለው፣ በአራት በአራት ቢት ብቻ የሚሠራ ነው። ቀለም ያለው መስኮት የለውም። በምትኩ ፊቱ በጥቃቅን መብራቶች ተሞልቷል፤ በማስታወሻው ውስጥ የሚንቀሳቀሰው እያንዳንዱ ቢት ሲበራና ሲጠፋ ይታያል፤ ትእዛዙም የሚገባው አዝራሮችን አንድ በአንድ በመጫን ነው።